የተሽከርካሪ መገጣጠሚያ ፋብሪካ በኢትዮጵያ፦ አመሠራረቱ፣ ዕድገቱና አደረጃጀቱ

1. ፋብሪካው የተፈለገበት ምክንያት

የተሽከርካሪ መገጣጠሚያ ፋብሪካ ክፍሎቹ በሌላ አገር ተሠርተው በሣጥን የሚመጡለትን መኪና ገጥሞ፣ ቀብቶና ፈትሾ ለመንገድ የሚያበቃ ተቋም ነው። በታዳጊ አገሮች የመኪና ኢንዱስትሪ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ደረጃ ነው። ሞተርና ካምቢዮ ማምረት ሰፊ ገበያ፣ የብረታ ብረት ኢንዱስትሪና ለረጅም ዓመታት የሚቆይ ካፒታል ይጠይቃል። መገጣጠም ግን አንድ መጋዘን፣ የብየዳና የቀለም ክፍል፣ የተወሰኑ የሠለጠኑ ሠራተኞችና ከባለ ምርቱ ኩባንያ ጋር የተፈረመ ውል ካሉ ሊጀመር ይችላል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ፋብሪካው የተፈለገው በሦስት ምክንያቶች ነው። የመጀመሪያው የውጭ ምንዛሬ ነው። ተገጣጥሞ ያለቀ መኪና ከመግዛት ክፍሎቹን ገዝቶ እዚህ መግጠም ዶላር ይቆጥባል ተብሎ ይታሰባል፤ የተፈታ መኪና በመርከብና በኮንቴይነር የሚይዘው ቦታም ያነሰ ነው። ሁለተኛው የመሬቱ አቀማመጥ ነው። እህል የሚበዛበት የጎጃም ደጋ ከአዲስ አበባ ገበያ ጋር የሚገናኘው በአባይ በረሃ ነው። ከደጀን ወርዶ ጎሐ ጽዮን የሚወጣ የጭነት መኪና ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ወርዶ ያንኑ ያህል ዳገት ይወጣል። ይህን መንገድ የሚችል ባሌስትራ፣ ፍሬንና ካሶኒ ለአገሩ ተብሎ መሠራት ነበረበት። ሦስተኛው የሥራ ዕድልና የሙያ ሽግግር ነው፤ መንግሥታት ለዘርፉ ማበረታቻ ሲሰጡ በየዘመኑ ያቀረቡት ዋና ምክንያትም ይኸው ነው።

2. ከፋብሪካው በፊት፦ መንገድና ጋራዥ

መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ያኔ መኪና የቤተ መንግሥት ብርቅ እንጂ የንግድ መሣሪያ አልነበረም። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላም ወደ ደጋው አገር የሚሄደው ጭነት ለረጅም ጊዜ በበቅሎና በአህያ ጀርባ ይጓዝ ነበር።

ለውጡ የመጣው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣሊያን ወረራ ወቅት ነው። ወራሪው ለጦርነትና ለአስተዳደር ሲል መንገዶችን ዘረጋ፤ አዲስ አበባን በአባይ በረሃ በኩል ከደብረ ማርቆስና ከጎንደር ጋር የሚያገናኘው የመኪና መንገድ መሠረት የተጣለውም ያኔ ነው። ከመንገዱ ጋር የጭነት መኪና መጣ፤ ከመኪናው ጋር ደግሞ ጋራዥ። ላሜራ የሚያቃናው ባትላሜራ፣ ጎማ የሚሠራው ጎሚስታ፣ የኤሌክትሪክ መስመር የሚያስተካክለው ኤሌትሮ አውቶ እስከ ዛሬ የሚጠሩበትን ስም ያገኙት ከዚያ ዘመን ነው። ወደ ፊት የመገጣጠሚያ ፋብሪካ ሠራተኛ የሚሆነው የሰው ኃይል የመጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ይህ ጋራዥ ነበር።

3. የመጀመሪያው ፋብሪካ፦ አምቼ

የኢትዮጵያ አውቶሞቲቭ ማኑፋክቸሪንግ ኩባንያ፣ በተለመደው ስሙ አምቼ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 በጣሊያኑ ፊያትና በኢትዮጵያ መንግሥት ሽርክና አዲስ አበባ ውስጥ ተቋቋመ። ፊያት የከባድ መኪና ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1975 ለተመሠረተው ኢቬኮ ሲያስተላልፍ የአምቼ የውጭ ባለድርሻም ኢቬኮ ሆነ። ድርሻው ኢቬኮ 70 በመቶ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት 30 በመቶ ነበር።

ፋብሪካው የቤት መኪና ሳይሆን የጭነት መኪና የመረጠው በገበያው ግፊት ነው። በዚያ ዘመን የቤት መኪና የሚገዛው ሰው ቁጥር እጅግ ትንሽ ነበር። የጭነት መኪና ግን ነጋዴው፣ የመንገድ ሥራ ድርጅቱ፣ ጦር ሠራዊቱና የእህል ገበያው ሁሉ ይፈልጉት ነበር። ኤንትሬ የሚባለው የፊያት ከባድ መኪና ከነተሳቢው በአገሪቱ ዳገትና ቁልቁለት ስም አውጥቶ ስለነበር አዲሱ ፋብሪካ የተዘጋጀ ገበያና የሚያውቀው መካኒክ አገኘ።

በአምቼ የተጀመረው የሽርክና አደረጃጀት ለኋለኞቹም መነሻ ሆነ። የውጭው ኩባንያ ዲዛይኑን፣ ሞተሩን፣ ዋና ዋና ክፍሎቹንና የጥራት መመዘኛውን ያቀርባል፤ የአገር ውስጡ ወገን ቦታውን፣ ፈቃዱን፣ የሰው ኃይሉንና ገበያውን ያመጣል። ይህ አደረጃጀት ፋብሪካን በፍጥነት ያቆማል፤ ነገር ግን የአገር ውስጥ ክፍል አምራቾችን ለማሳደግ የሚያስገድድ አንቀጽ ከሌለው ፋብሪካው ዘወትር ከሣጥን ላይ እንዲኖር ያደርገዋል።

በዚሁ ጊዜ የጀመሩ ሌሎች አገሮች የሄዱበት መንገድ ልዩነቱን ያሳያል። የደቡብ ኮሪያው ሂዩንዳይ እ.ኤ.አ. በ1967 ተመሥርቶ የፎርድ መኪና በመግጠም ሥራ ጀመረ። መንግሥቱ ግን የአገር ውስጥ ክፍሎችን ድርሻ በየጊዜው እንዲያሳድግ ስለገፋው አሥር ዓመት ሳይሞላ ፖኒ የተባለውን የራሱን ሞዴል አወጣ። ሞሮኮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1959 በጀመረችው አነስተኛ መገጣጠሚያ ላይ የክፍል አምራቾችን እየጨመረች ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የተከፈተውን ትልቁን የታንጀር ፋብሪካ ለመቀበል በቃች።

4. የደርግ ዘመን፦ ትራክተርና መለዋወጫ

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ኢንዱስትሪው በማዕከላዊ ዕቅድ ሥር ገባ። የቤት መኪና ወደ አገር መግባት ተገደበ፤ ትኩረቱ ወደ እርሻ መሣሪያና ወደ መለዋወጫ ዞረ። በ1970ዎቹ በሶቭየት ኅብረት ድጋፍ ናዝሬት (የዛሬዋ አዳማ) ላይ የተተከለው የትራክተር መገጣጠሚያ የዚህ ፖሊሲ ዋና ፍሬ ነው። ትራክተሮቹ የታሰቡት በዋናነት ለመንግሥት እርሻዎች ነበር፤ በጎጃም እንደ ብር ሸለቆና አየሁ ያሉት ሰፋፊ እርሻዎች የዚህ ዓይነት ደንበኞች ነበሩ። አነስተኛ መሬት የሚያርሰው የደጋው ገበሬ ግን በበሬ ማረሱን ቀጠለ፤ ስለዚህ የፋብሪካው ገበያ ከመንግሥት እርሻዎች ዕጣ ጋር የታሰረ ሆነ።

ደጋፊ ኢንዱስትሪዎችም በዚሁ ሰሞን ቅርጽ ይዘዋል። የአዲስ ጎማ ፋብሪካ፣ የኋላው ሆራይዘን አዲስ ጎማ፣ በ1960ዎቹ የተመሠረተ ሲሆን፣ በአቃቂ ደግሞ የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያ ፋብሪካ ተተከለ። የቴክኒክ ትምህርትም ከዚህ ጋር ይያያዛል፤ በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ድጋፍ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት የእርሻ መካኒክና የብረታ ብረት ባለሙያዎችን ያሠለጥን ነበር። ይሁን እንጂ ጎማው፣ መለዋወጫውና መገጣጠሚያው እርስ በርስ የሚመጋገቡ የአንድ ኢንዱስትሪ አካላት አልሆኑም፤ እያንዳንዱ የየራሱን የመንግሥት ዕቅድ ይከተል ነበር።

5. ቦዲ ሠሪዎች

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የትራንስፖርት ንግድ ለግል ባለሀብት ሲከፈት መካከለኛ የጭነትና የሕዝብ መኪና ፍላጎት በአንድ ጊዜ ጨመረ። ፍላጎቱን በብዛት የመለሰው ትልቁ ፋብሪካ ሳይሆን ቦዲ ሠሪው ነው። የአይሱዙ ሻንሲ ከነሞተሩና ከነጋቢናው ይገዛል። ቦዲ ሠሪው የብረት አጥንቱን ይበይዳል፣ ላሜራውን ቀጥቅጦ ያለብሳል፣ ወንበርና መስኮት ይገጥማል፣ ይቀባል። እንዲህ የተሠራው አውቶቡስ ቅጥቅጥ ይባላል። ከደብረ ማርቆስ ወደ ቢቸና፣ ወደ ደብረ ወርቅና ወደ ፍኖተ ሰላም ሰው በማመላለስ ለብዙ ዓመታት ዋናው ተሽከርካሪ ይህ ነበር። ጤፍና ስንዴ የሚጭነው የአይሱዙ ካሶኒም የእነዚሁ ሠሪዎች ሥራ ነው።

በኢትዮጵያ መኪና ሥራ ውስጥ በእርግጥ በአገር ውስጥ የሚመረተው ክፍል ይህ የቦዲ፣ የካሶኒና የተሳቢ ሥራ ነው። ዲዛይኑ የሠሪው ነው፤ ብረቱ ከውጭ ቢመጣም ሥራው የአገር ነው፤ የተሰበረውም እዚሁ ይጠገናል። ጉድለቱ ግን ከባድ ነው። ለጭነት የተሠራ ሻንሲ ሰው ሲጭን፣ ወንበር ሲበዛበትና ጣሪያው ዕቃ ሲሸከም ሚዛኑ ይዛባል፤ በአደጋ ጊዜም የቦዲው ጥንካሬ በተመሳሳይ መመዘኛ የተፈተነ ባለመሆኑ ጉዳቱ ይበዛል። በመቐለ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቋቋመው መስፍን ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ይህን ሥራ ከአነስተኛ ወርክሾፕ ወደ ፋብሪካ ደረጃ ካሳደጉት ይመደባል፤ በተሳቢና በጭነት ቦዲ ጀምሮ ወደ መኪና መግጠም አልፏል።

6. የቤት መኪና መገጣጠሚያዎች

የቤት መኪና መግጠም የጀመረው ከ2000 ዓ.ም. መባቻ በፊት ባሉት ጥቂት ዓመታት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የተቋቋመው ሆላንድ ካር መጀመሪያ የፊያትን አሮጌ ሞዴል መሠረት ያደረገ መኪና፣ ቀጥሎም ከቻይና የሚመጡ መኪኖችን እየገጠመ አባይና አዋሽ በሚሉ የወንዝ ስሞች ለገበያ አቀረበ። ኩባንያው አሥር ዓመት ሳይሞላው ከሥራ ወጣ። ቻይናዊው ሊፋን በዚያው ዘመን በራሱ ስም ገብቶ በዱከም የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ፋብሪካ ተከለ። መስፍን ኢንዱስትሪያል ጂሊንና ፔጆን ገጥሟል፤ ሥራው ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በዘለቀው የሰሜኑ ጦርነት ክፉኛ ተጎድቷል።

ሁለተኛው ማዕበል በ2011 ዓ.ም. መጣ። ማራቶን ሞተር የሂዩንዳይን መገጣጠሚያ ከፈተ፤ በአዳማም የኪያ መኪኖች መገጠም ጀመሩ። በጥር 2011 ዓ.ም. የጀርመኑ ቮልስዋገን ከኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ኮሚሽን ጋር የመግባቢያ ስምምነት ቢፈርምም የታሰበው ፋብሪካ አልተተከለም። ባለሦስት እግሩ ባጃጅም ከህንድ ተፈትቶ እየመጣ በአገር ውስጥ ይገጠማል፤ በደብረ ማርቆስና በሌሎች የክልል ከተሞች የከተማ ውስጥ ትራንስፖርትን የያዘው እርሱ ነው።

7. የመንግሥት ኮርፖሬሽን፦ ሜቴክ

የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) በሰኔ 2002 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ሲቋቋም የታሰበው ከመገጣጠም ወደ ማምረት የሚያሻግር ተቋም እንዲሆን ነበር። የቢሾፍቱ አውቶሞቲቭ፣ የአዳማው የትራክተር ፋብሪካና የአቃቂው የብረታ ብረት ፋብሪካ በአንድ ጣሪያ ሥር ገቡ። በሐሳብ ደረጃ የአቃቂው ቀልጦ የተቀረጸ ክፍል ለአዳማው ትራክተርና ለቢሾፍቱው አውቶቡስ ይደርሳል፤ በደርግ ዘመን የጎደለው መመጋገብ በዚህ ይሟላል ተብሎ ነበር።

በጣም የታወቀው ምርቱ በዳፍ ሻንሲ ላይ የተሠራው የቢሾፍቱ የከተማ አውቶቡስ ሲሆን፣ 500 የሚሆኑት ለአንበሳ የከተማ አውቶቡስ ድርጅት ቀርበዋል። ሜቴክ በተመሳሳይ ጊዜ ስኳር ፋብሪካ፣ የኃይል ማመንጫና የማዳበሪያ ፋብሪካ ሥራ ስለያዘ አቅሙ ተበታተነ። ሥራ ያገኝ የነበረው በውድድር ሳይሆን በመንግሥት ትእዛዝ በመሆኑም የዋጋና የጥራት ቁጥጥር ላላ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የኮርፖሬሽኑ ኃላፊዎች በሙስና ተጠርጥረው ከተያዙ በኋላ ድርጅቱ ተከፍሎ ወታደራዊው ክፍል ወደ መከላከያ፣ ሲቪሉ ደግሞ በኋላ የኢትዮጵያ ኢንጂነሪንግ ግሩፕ ወደተባለው ድርጅት ሄደ።

8. የመገጣጠሚያው ውስጣዊ አደረጃጀት

ፋብሪካው የሚደራጀው ክፍሎቹ በሚመጡበት ሁኔታ ነው። መኪናው በከፊል ተፈትቶ ሲመጣ ቦዲው ተበይዶና ተቀብቶ ይደርሳል፤ የሚቀረው ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ጎማ፣ ወንበርና የኤሌክትሪክ መስመር መግጠም ነው። ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ሲመጣ ግን የቦዲው ላሜራ በየቁራጩ ስለሚደርስ ብየዳና ቀለም ቅብ እዚሁ ይካሄዳል። ሁለተኛው መንገድ ሰፊ ካፒታልና ብዙ ሠራተኛ ይፈልጋል፤ የሚያስገኘው ዕውቀትም ይበልጣል። በኢትዮጵያ የሚበዛው የመጀመሪያው ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል በሁሉም ዘንድ ተቀራራቢ ነው። ዕቃ ተቀባዩ ክፍል ሣጥኖቹን ከጉምሩክ ሰነድ ጋር ያመሳክራል። የመገጣጠሚያው መስመር በጣቢያ ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ቡድን የተወሰነ ክፍል ይገጥማል። ፍተሻ ክፍሉ ፍሬን፣ መሪ፣ መብራትና የውኃ ማፍሰስን ይፈትናል። ሽያጭና ጥገና ክፍሉ ደግሞ መለዋወጫ ያከማቻል፤ ዋስትናም ይሰጣል። ከፋብሪካው ውጭ የኢንዱስትሪ ሚኒስቴር የመገጣጠም ፈቃድና ማበረታቻን፣ የጉምሩክ ኮሚሽን ቀረጥን፣ የትራንስፖርት ባለሥልጣናት ደግሞ ሊብሬና ዓመታዊ ምርመራን ይከታተላሉ።

9. ቀረጥ፦ የፋብሪካው እስትንፋስ

የእነዚህ ፋብሪካዎች መከፈትና መዘጋት ከማንኛውም ነገር በላይ የሚከተለው ተገጣጥሞ ባለቀ መኪናና በተፈታ መኪና መካከል ያለውን የቀረጥ ልዩነት ነው። ልዩነቱ ሲሰፋ መገጣጠሚያ ይበዛል፤ ሲጠብ ባለሀብቱ ወደ አስመጪነት ይመለሳል። ለብዙ ዓመታት ዋናው ተፎካካሪ ከውጭ የሚገባው ያገለገለ ቶዮታ ነበር። መለዋወጫው በየከተማው ስለሚገኝና ሲሸጥም ዋጋ ስለሚያወጣ ገዢው ከአዲስ የቻይና መኪና ይልቅ አሮጌ ቶዮታ ይመርጥ ነበር። የካቲት 2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ በመጣል ይህን ሚዛን ለመቀየር ሞክሯል።

ሁለተኛው መወሰኛ የውጭ ምንዛሬ ነው። ክፍሎቹ ከውጭ እስከመጡ ድረስ ፋብሪካው የባንክ ወረፋ ይጠብቃል፤ ዶላር ሲጠፋ መስመሩ ይቆማል። የውጭ ምንዛሬን ይቆጥባል ተብሎ የተቋቋመው ተቋም ራሱ በውጭ ምንዛሬ እጦት ከአቅሙ በታች መሥራቱ የዘርፉ ትልቁ ቅራኔ ነው።

10. የኤሌክትሪክ መኪና ምዕራፍ

በሐምሌ 2012 ዓ.ም. በማራቶን ሞተር የተገጠመው ሂዩንዳይ አዮኒክ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ መኪና ሆኖ ቀረበ። በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ። የጉምሩክ ቀረጡንም ተገጣጥሞ ላለቀው 15 በመቶ፣ በከፊል ለተፈታው 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ለተፈታው ዜሮ በማድረግ በሦስት ደረጃ ከፈለው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የቤት መኪና የውጭ ምንዛሬ ከማይፈቀድላቸው 38 የዕቃ ዓይነቶች መካከል ገባ፤ የኤሌክትሪክ መኪናው ግን ክልከላው አልነካውም። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ገበያው ሲከፈትና የ38ቱ ዕቃዎች ክልከላ ሲነሣም ይህኛው ቀጠለ።

የፖሊሲው መነሻ ግልጽ ነው። ነዳጅ የሚገዛው በዶላር ሲሆን ኤሌክትሪክ የሚመነጨው በአገር ውስጥ ውኃ ነው። ጎጃምን ከብቦ የሚወርደው አባይ በጉባ ተገድቦ፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የህዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በአማራ ክልልም የበላይነህ ክንዴ ግሩፕ በደብረ ብርሃን የኤሌክትሪክ ሚኒባሶችን የሚገጥም ፋብሪካ አቋቁሟል። የኤሌክትሪክ መኪና ክፍሎቹ ከነዳጁ ያነሱ ስለሆኑ መግጠሙ ይቀላል፤ ይሁን እንጂ የዋጋው ትልቅ ድርሻ የሆነው ባትሪ ሙሉ በሙሉ ከውጭ ይመጣል።

11. አሁን ያለው ሚናና የሚቀረው ሥራ

ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው ተሽከርካሪ ሁሉ ተደምሮ ከሕዝቧ ብዛት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው፤ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላላት አገር ቁጥሩ ለብዙ ዓመታት በአንድ ሚሊዮን ገደማ ቆይቷል። ይህ ገበያ በብዙ የመኪና ዓይነትና በብዙ ትንንሽ ፋብሪካዎች ሲከፋፈል አንዳቸውም ክፍል አምራች ለመሳብ የሚበቃ ብዛት አያገኙም።

ከደብረ ማርቆስ አካባቢ ሲታይ የዘርፉ ጥቅም የሚለካው በሦስት ነገር ነው። የመጀመሪያው ጭነት ነው። በቡሬ የፊቤላ፣ በደብረ ማርቆስ የደብሊው ኤ የዘይት ፋብሪካዎች ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ መከፈታቸው በአካባቢው የከባድ መኪናን ሥራ ጨምሯል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገዱን አዘውትሮ ያቋርጠዋል። ሁለተኛው ጥገና ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ከአዲስ አበባ ወጥቶ የአባይ በረሃን ተሻግሮ የሚሠራው በየመንገዱ የኃይል መሙያና የሚጠግነው ባለሙያ ሲኖር ነው። የደብረ ማርቆስ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅን የመሰሉ ተቋማት ሥልጠናቸውን ከነዳጅ ሞተር ወደ ባትሪና ሞተር መቆጣጠሪያ ማስፋት የሚኖርባቸውም በዚህ ምክንያት ነው። ሦስተኛው ምርት ነው። ወንበር፣ መስተዋት፣ ባሌስትራ፣ የካሶኒ ላሜራና የኤሌክትሪክ ሽቦ በአገር ውስጥ ሊሠሩ የሚችሉ ክፍሎች ናቸው፤ ቦዲ ሠሪዎችም ለግማሹ ሙያውን ይዘውታል።

ከሃምሳ ዓመት በላይ የተጓዘው ይህ ተቋም መኪና መግጠም እንደሚቻል አሳይቷል። ከዚህ በኋላ ለአንድ ፋብሪካ የሚሰጠው የቀረጥ ማበረታቻ መለካት ያለበት በዓመት ስንት መኪና ከመስመር አወጣ በሚል ሳይሆን፣ ከእያንዳንዱ መኪና ውስጥ ስንቱ ክፍል በአገር ውስጥ ተሠራ በሚለው ነው። ይህ መለኪያ በሕግ ተጽፎ በየጊዜው ከፍ ካላለ የመገጣጠሚያው ሥራ ሣጥን ከመክፈት አያልፍም።